ያልታሰረች ምስክር

«የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» የሚለው ተረት በሸንጎ ሲወረወር የሰማ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አባቶቻችን ነገሩ ያላማረለት ባለጉዳይ ከእርሱ የማይሻል ሰው ለምስክርነት ቆጥሮ በመጣ ጊዜ ይህን ብለው ክርክሩን ይዘጉበት ነበር፤ ጎተራ ስትቦረቡር የምታድር፣ የድመት ጥላ የሚያስበረግጋት፣ ከቤት እንስሳ ያልተቆጠረች፣ ከዱር አውሬም ያልተደመረች ይህችን ፍጥረት በባለጉዳይ ቦታ ማቆም በእነርሱ ዘንድ የንቀት ሁሉ መጨረሻ ነበርና። እነሆ ዛሬ ግን ይህችው የተናቀች አይጥ፣ በእንግሊዝ፣ በአሜሪካ፣ በኖርዌይና በቻይና ባሉ ታላላቅ ቤተ ሙከራዎች ውስጥ፣ ከአንድ ብር ሳንቲም የቀለለ መሣሪያ በራሷ ላይ ደፍታ፣ ስትራመድም ስትበላም ስትተኛም፣ ሰው ስለ ገዛ አንጎሉ ለብዙ ዘመን ሲጠይቀው የኖረውን ጥያቄ በሰውነቷ ትመልሳለች። እኔም በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምወደው፣ ይህ መሣሪያ ሊመሰገን የሚገባው ስለ ትንሽነቱና ስለ ብልሃቱ ብቻ ሳይሆን ምስክሪቱን ከእስራት ስለ ፈታ መሆኑን፣ ከእስራት የተፈታች ምስክር ደግሞ ስለ ጠየቅናት ነገር ብቻ ሳይሆን ስለ ራሷም የምትመሰክር በመሆኗ፣ ቃሏን የተቀበለ ሰው ሁሉ ዕዳዋንም አብሮ እንደ ተቀበለ ነው።

ተገድዶ የተሰጠ ቃል ማስረጃ ሊሆን እንደማይችል በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 19 ተጽፎ ይገኛል፤ ሐሳቡ ግን ከመጻፉም በፊት በአስተዋይ ዳኛ ልቡና ውስጥ የኖረ ነው። በአንጎል ጥናት በኩል ሲታይ ግን ለረጅም ዘመን ምስክሩ አብዛኛውን ጊዜ የታሰረ ወይም የተደነዘዘ ነበር። የሊቨርፑሉ ሐኪም ሪቻርድ ኬተን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1875 ዓ.ም. (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸውም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የጥንቸልና የጦጣ አንጎል ገልጦ ሽቦ በማስጠጋት በውስጡ የኤሌክትሪክ ኃይል እንደሚመላለስ አስታወቀ፤ ጀርመናዊው ሐንስ በርገር ደግሞ በዬና ከተማ በ1924 ዓ.ም. ይህንኑ ሞገድ ከሰው ራስ ላይ መዝግቦ፣ ሥራውን ደጋግሞ ሲመረምር ከቆየ በኋላ በ1929 ዓ.ም. ለዓለም ገለጠው። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው እየገዘፈ፣ እንስሳይቱ ግን ያው ትንሽ ሆና ስለ ቀረች፣ መሣሪያውን ወደ እርሷ ማምጣት ባይቻል እርሷን ወደ መሣሪያው ማምጣት፣ ከመጣችም በኋላ እንዳትንቀሳቀስ ራሷን ማሰር ወይም በማደንዘዣ ማስተኛት ልማድ ሆነ፤ በሥዕል አንሺው መሣሪያ ውስጥ አንገቷን በጥቂት ሚሊሜትር ብታዞር ሥዕሉ ሁሉ ይደበዝዛልና።

በዚህ መንገድ ምንም አልተገኘም ብል ሐሰተኛ እሆናለሁ፤ ዴቪድ ሂዩብልና ቶርስተን ዊዝል በተደነዘዙ ድመቶች ላይ ባደረጉት ምርመራ፣ ዓይን ያየውን አንጎል እንዴት እየከፋፈለ እንደሚረዳው ገልጠው በ1981 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት የተካፈሉት በሚገባቸው ነው። ማየት ግን ሳይሄዱም፣ ሳይፈሩም፣ ሳይራቡም የሚቻል ሥራ ነው። መንገድ መፈለግ፣ መፍራት፣ መመኘት፣ ጎጆን ናፍቆ መመለስ፣ እነዚህ ግን ተኝቶ የሚሠራቸው ፍጥረት የለም፤ ስለ እነዚህ የተደነዘዘውን አንጎል መጠየቅ የሞተውን ዘፋኝ ጉሮሮ ከፍቶ ዜማ እንደ መፈለግ ነው።

የዚህ ሁሉ ምስክር በ1971 ዓ.ም. በለንደን ከተማ የሆነው ነገር ነው። ጆን ኦኪፍ የተባለው ሊቅ ከጆናታን ዶስትሮቭስኪ ጋር ሆኖ፣ ሂፖካምፐስ ወደሚባለው የአንጎል ክፍል ከጠጉር የቀጠነ ሽቦ ሰድዶ፣ አይጧን ሳያስርና ሳያደነዝዝ በሰፊ ገበታ ላይ እንደ ልቧ እንድትዞር ተዋት፤ እንዲህ ሆና ስትመላለስ አንዱ የነርቭ ሕዋስ ወደ አንድ ማዕዘን በደረሰች ጊዜ ብቻ ሲጮህ፣ ከማዕዘኑም ስትርቅ ጸጥ ሲል ተሰማ፤ ሌላው ሕዋስ ደግሞ ለሌላ ቦታ እንዲሁ ነበረ። በኖርዌይ በትሮንድሄም ከተማ ሜይብሪት ሞሰርና ኤድቫርድ ሞሰር በ2005 ዓ.ም. ከተባባሪዎቻቸው ጋር ባወጡት ሥራ ደግሞ፣ ከዚያው አጠገብ ባለ የአንጎል ክፍል ውስጥ፣ አይጧ የምትሄድበትን ሜዳ እንደ ማር እንጀራ በስድስት ማዕዘን ሥርዓት የሚከፋፍሉ ሕዋሳት እንዳሉ አሳዩ፤ ኦኪፍና ሁለቱ ሞሰሮች በ2014 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ። እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብልኝ የምለምነው ነገር አለ። ያች አይጥ ታስራ ቢሆን ኖሮ ከቦታ ወደ ቦታ አትሄድም ነበር፤ ባትሄድ የቦታው ሕዋስ አይጮህም ነበር፤ ባይጮህም መርማሪው በመዝገቡ ላይ «ሥራ የሌለው ሕዋስ» ብሎ ጽፎ ያልፈው ነበር፤ እስራቱ እንስሳይቱን ማስጨነቁ ብቻ ሳይሆን መርማሪውን ራሱን ባስተማመነው መዝገብ ላይ ያታልለው ነበር ማለት ነው።

ሽቦው ቀጭን ስለሆነ ከአይጧ ጋር ይሄዳል፤ በመላው አንጎል ውስጥ የሚፈሰውን ቅመም በሥዕል የሚያሳየው ታላቁ መሣሪያ ግን በጉልበትም በጋሪም የማይነሣ ነበርና፣ እርሱን ለአይጥ ማልበስ የሚለው ሐሳብ መጀመሪያ ሲነገር እብደት ሳይመስል አልቀረም። በኒው ዮርክ ግዛት በሎንግ አይላንድ የሚገኘው የብሩክሄቨን ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ሊቃውንት ግን በብዙ ዓመት ድካም መሣሪያውን በአይጥ ራስ ዙሪያ የሚገባ ቀለበት እስኪሆን ድረስ አሳንሰው፣ ሥራቸውን በ2011 ዓ.ም. ለዓለም አቀረቡ። ክብደቱ 250 ግራም ነው፤ ይህም ከትልቋ የቤተ ሙከራ አይጥ ክብደት ጋር ሊተካከል የሚቃጣ ሸክም ስለሆነ፣ ቀለበቱን ከላይ በሞላ አንጠልጥለው እንስሳይቱ ክብደቱ ሳይጫናት እንድትራመድ አደረጉ። በደሟ ውስጥ የሚሰጣት፣ ራክሎፕራይድ የሚባለው ቅመም ከራዲዮአክቲቭ ካርቦን ጋር ተሰናድቶ፣ ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል ቅመም የሚቀበሉ ወደ ሆኑት የአንጎል ሥፍራዎች ገብቶ ይጣበቃል፤ ያ ካርቦን በየ20 ደቂቃው በግማሽ እየጎደለ ሲፈርስ ሁለት ጨረሮች ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ይወጣሉ፤ ቀለበቱም ሁለቱን በአንድ ቅጽበት ተቀብሎ የመነጩበትን ቦታ ይለያል። እንግዲህ በዚህ መሣሪያ በአንድ ሰዓት፣ በአንዲት እንስሳ ላይ፣ በውስጧ የሚሆነውን ቅመማዊ ነገርና በውጭ የምታደርገውን ጠባይ ጎን ለጎን ማየት ተቻለ። እኔ ከዚህ ሥራ ሁሉ ይልቅ ደጋግሜ የማስበው ያን ሞላ ነው፤ መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች፣ ሸክሙን ማቅለል ባቃታቸው ቦታ ሸክሙን ራሳቸው መያዝ እንዳለባቸው አስበዋልና።

ለትንሿ አይጥ ደግሞ፣ ሙሉ ክብደቷ ከ20 እስከ 30 ግራም ለሆነችው፣ እንዲህ ያለ ቀለበት የማይታሰብ ነው። ለእርሷ የመጣው ማይክሮስኮፕ ነበር፤ ይኸውም በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ2011 ዓ.ም. የታየው 1.9 ግራም የሚመዝን መሣሪያ ነው። ማይክሮስኮፑ የሚያየው ብርሃን ከየት እንደሚመጣ ሲነገር ለሚሰማ ሰው የሥነ ፍጥረት ነገር እጅግ ያስደንቃል፤ በ1962 ዓ.ም. ጃፓናዊው ኦሳሙ ሺሞሙራ ጄሊፊሽ ከሚባለው ዝልግልግ የባሕር ፍጥረት ውስጥ አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን እንዳለ ገልጦ ነበርና፣ ሌሎች ሊቃውንት ያንኑ ፕሮቲን ለውጠውና ከሌላ ጋር አዋሕደው፣ ካልሲየም ወደ ሕዋሱ በገባ ጊዜ ደምቆ እንዲበራ አደረጉት፤ የነርቭ ሕዋስም ሥራ በሠራ ቁጥር ካልሲየም ስለሚገባበት፣ ሕዋሱ ባሰበ ጊዜ ሁሉ ያበራል ማለት ይቻላል። በዚህ መሣሪያ አማካይነት የስታንፎርድ መርማሪዎች በ2013 ዓ.ም. ባወጡት ሥራ፣ በእያንዳንዷ አይጥ ሂፖካምፐስ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ሕዋሳትን እስከ 45 ቀን ድረስ ተከታትለው ያገኙት ነገር የሚያስገርም ነው። አይጧ በየጊዜው የምትሄድበት መንገድ ያው ሆኖ ሳለ፣ በአንዱ ቀን ለመንገዱ ከሚያበሩት ሕዋሳት ውስጥ በሌላው ቀን ተመልሰው የሚገኙት ከመቶ 15 እስከ 25 የሚሆኑት ብቻ ነበሩ፤ ሆኖም እነዚያ ጥቂቶች መንገዱን ለይቶ ለማወቅ ይበቃሉ። በየሳምንቱ መዘምራኑ እየተለዋወጡ ዜማው የማይለወጥበት ማኅሌት እንዳለ ሁሉ፣ ተዘክሮም በአንጎል ውስጥ የሚኖረው እንዲህ ባለ መለዋወጥ ይመስላል። ይህን በአንድ ቀን ምርመራ፣ በተኛች እንስሳ ላይ፣ ማን ሊያውቀው ይችል ነበር?

ከሁሉ የበለጠው ምስክርነት ግን የመጣው አይጧ ከሥራዋ ካረፈች በኋላ ነው። ማቲው ዊልሰንና ብሩስ ማክኖተን በ1994 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ አይጧ ቀን በመንገድ ላይ ሳለች በአንድነት ይጮኹ የነበሩ ሕዋሳት፣ በእንቅልፏም ጊዜ እንደገና በአንድነት ሲጮኹ መዘገቡ፤ ዊልሰንና ኬንዌይ ሉዊ ደግሞ በ2001 ዓ.ም.፣ በሰው ዘንድ ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል ውስጥ፣ የቀኑ መንገድ በቅደም ተከተሉ ለደቂቃዎች ያህል ተመልሶ ሲታይ አገኙ። ሕልም ነው ብዬ አልወስንም፤ የእንስሳ ሕልም ምን እንደሚመስል የሚያውቅ የለምና። ሊቃውንቶቻችንም የሰውን ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ብለው ከእንስሳት ደማዊት ነፍስ ለይተው ያስተማሩትን ለማፍረስ አልነሣም። ነገር ግን የበለዓምን አህያ ታሪክ ደግሞ እነዚሁ ሊቃውንት አስተምረውናል፤ ነቢዩ ያላየውን መልአክ አህያይቱ አይታ ከመንገድ ፈቀቅ ባለች ጊዜ፣ እርሱ ሦስት ጊዜ ደበደባት፤ አፏም በተከፈተ ጊዜ የተናገረችው ስለ መልአኩ ሳይሆን ስለ ተቀበለችው ዱላ ነበር። የሄደችበትን መንገድ በእንቅልፏ በአንጎሏ የምትደግም አይጥም ስለ ተዘክሮ ምሥጢር ስታስረዳን፣ ሳንጠይቃት፣ ቀኗ በእንቅልፍ የማያልቅ ፍጥረት መሆኗን አብራ ነግራናለች። ይህን በገዛ መሣሪያው የሰማ መርማሪ፣ እንስሳ ውስጧ ባዶ የሆነ መኪና ናት ከሚሉት ጋር ከእንግዲህ ወዲያ በአንድ ገበታ ሊቀመጥ አይችልም።

ስለዚህ መሣሪያውን ካመሰገንሁ በኋላ ስለ ሸክሙ ዝም ብል ሚዛኔ የተዛባ ይሆናል። ያልታሰረች ማለት ያልቆሰለች ማለት አይደለም። ሽቦውም የማይክሮስኮፑ መስተዋትም የሚገባው የራስ ቅል ተበስቶ ነው፤ በትንሿ አይጥ ላይ ወደ ሂፖካምፐስ በማይክሮስኮፕ ለመመልከት ከበላዩ ያለው የአንጎል ሥጋ በጥቂቱ ይነሣል፤ በመጨረሻም ሽቦው የት እንደ ደረሰ ለማረጋገጥ እንስሳይቱ አብዛኛውን ጊዜ ትገደላለች። ሁለት ግራም ሲባል ቀላል ይመስላል፤ 25 ግራም በምትመዝን አይጥ ላይ ግን ከመቶ ስምንት እጅ ነውና፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው አምስት ኪሎ ያህል ጤፍ በራሱ ላይ አስሮ እንደ መሄድ ነው። ይህ ሸክም አረማመዷን ከለወጠ፣ ከድካም የተነሣ ዳር ይዛ እንድትቀመጥ ካደረጋት፣ ከእስራት ፈትተን በሸክም አሰርናት ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ቃሏ እንደ ገና የተገደደ ምስክር ቃል ይሆናል። እንግሊዛውያኑ ዊልያም ራስልና ሬክስ በርች በ1959 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ እንስሳትን በሌላ ነገር መተካትን፣ ቁጥራቸውን መቀነስንና ሥቃያቸውን ማቃለልን ለመርማሪ ሁሉ ሥርዓት አድርገው ሲሰጡ፣ ርኅራኄና ጥሩ ሳይንስ ተቃራኒ እንዳልሆኑ አጥብቀው ያስረዱ ነበር። አንዲት አይጥ ለ45 ቀን የምትመሰክር ከሆነ በየቀኑ አዲስ አይጥ መግደል ያስቀራልና፣ የሚለበሰው መሣሪያ ቁጥሩን ሊቀንስ ይችላል፤ መሣሪያው ብቻውን ግን ይህን አያደርግም፤ የሚያደርገው መርማሪው ነው።

«የአይጥ አንጎል ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ለእርሱም የምመልሰው ከልጅነቴ ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ሳለሁ ከጎኔ ተቀምጦ ዳዊት የሚደግም አንድ ልጅ ነበር፤ ድምፁ ያማረ፣ ንባቡም የቀና ሳለ፣ በቀን ብዙ ጊዜ በመስመር መካከል ድንገት ቀጥ ብሎ፣ ዓይኑ አንድ ቦታ ተተክሎ፣ ሽፋሽፍቱ ብቻ እየተርገበገበ፣ አሥር እስኪቈጠር ድረስ ከቆየ በኋላ ምንም እንዳልሆነ ይቀጥል ነበር። የኔታም ልቡን ከመጽሐፉ አንሥቶ ወደ ሜዳ የሰደደ መስሏቸው በአለንጋ ይገርፉት ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የሚያዩትን እንጂ የማያዩትን ሊያውቁ አልቻሉም። ልጁም ለምን እንደ ተመታ አያውቅም ነበር፤ እኔም ከጎኑ ተቀምጬ ያየሁትን አልተናገርሁለትም። ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ፣ ከሚጥል በሽታ ወገን ሆኖ ሰውን የማይጥል፣ ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ከራሱ የሚለይ ዓይነት እንዳለ ባነበብሁ ጊዜ፣ መጀመሪያ ያሰብሁት ያን አለንጋ ነው።

በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ ከተማ በ1980ዎቹ ዓመታት እየተመረጠ የተራባ አንድ የአይጥ ዘር፣ ይህንኑ ሕመም ከተፈጥሮው ይዞ የሚወለድ ነው። አይጧ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ጢሟ ጥቂት ይንቀጠቀጣል፤ ሌላ ምልክት የለም፤ በራሷ ላይ በተተከለው መመዝገቢያ ግን በሴኮንድ ከ7 እስከ 11 ጊዜ የሚመላለስ ሹል ሞገድ ይታያል፤ በልጆች ላይ ይህ ሞገድ በሴኮንድ ሦስት ጊዜ ያህል ነው። ልጆቹን የሚረዱት መድኃኒቶች፣ ኢቶሰክሲማይድና ቫልፕሮዌት፣ እነዚህንም አይጦች ይረዷቸዋል፤ ለሌላው ዓይነት የሚጥል በሽታ መልካም የሆኑት ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን ግን፣ በልጆቹ ላይ ይህን ሕመም እንደሚያብሱት፣ በአይጦቹም ላይ ያብሱታል። መመዝገቢያው ባይኖር ከጢም መንቀጥቀጥ ይህን ሁሉ ማን ይለየው ነበር? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚናገረው 50 ሚሊዮን የሚያህል ሰው በሚጥል በሽታ የተያዘ ሲሆን፣ ከመቶ 80 የሚጠጋው የሚኖረው እንደ እኛ ባሉ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች ነው፤ በዝቅተኞቹም አገሮች ከአራቱ ሕሙማን ሦስቱ የሚገባቸውን ሕክምና አያገኙም። የአይጥ አንጎል ምናችን እንደሆነ ያ አብሮ አደጌ በተሻለ ይመልስ ነበር።

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችም ነጭ አይጦች አሉ፤ ከአበው የወረስናቸውን ሥርና ቅጠል በእነርሱ ላይ እየፈተኑ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሆነ የትኛውም እንዳልሆነ የሚለዩ ትጉሃን መርማሪዎች አሉን፤ ስለ ሚጥል በሽታ ሲመረምሩ ግን፣ የሚያንዘፈዝፍ ቅመም ከሰጡ በኋላ መርማሪው በዓይኑ እያየ፣ ሰዓት ይዞ፣ አይጧ መቼ እንደ ወደቀችና ስንት ጊዜ እንደ ተንዘፈዘፈች መቍጠሩ የተለመደ ነው። ይህ ዓይነቱ ሥራ ዋጋ ቢኖረውም፣ የማይጥለውን ዓይነት፣ የዚያን ልጅ ዓይነት፣ ከቶ ሊያሳይ አይችልም። የሚለበሰው መሣሪያ የሀብታም አገር ዕቃ ነው እንዳይባል፣ በሎስ አንጀለስ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ሦስት ግራም ያህል የሚመዝነውን ማይክሮስኮፓቸውን ንድፍ፣ ከመስተዋቱ እስከ ብሎኑ፣ ሠርቶ ለሚጠቀምበት ሁሉ ያለ ዋጋ አውጥተውታል፤ የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበውን መሣሪያ ንድፍም እንዲሁ በነጻ የሚሰጡ ሌሎች አሉ። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የኤሌክትሪክ ትምህርት ክፍልና የመድኃኒት ትምህርት ክፍል በአንድ ግቢ ውስጥ እየኖሩ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ካልሆኑ በቀር፣ ከዚህ ንድፍ ተነሥቶ የራሳችንን መሥራት የሚከለክለን ነገር አይታየኝም።

በዚህ ሥራ ብንገባ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ልናደርገው የሚገባ ነገር አለ። በእንስሳት ላይ የሚደረግ ምርመራ ፈቃድ የሚሰጠው ጉባኤ፣ ከሚቀርብለት ማመልከቻ ላይ፣ መሣሪያው ከእንስሳይቱ ክብደት ከመቶ ስንት እጅ እንደሆነ፣ በቀን ውስጥም ስንት ሰዓት ከራሷ ላይ እንደሚወርድላት፣ ማውረድ የማይቻል ከሆነም ክብደቱን ምን እንደሚይዝላት ተጽፎ ይጠይቅ፤ አስራለሁ ወይም አደነዝዛለሁ የሚለውም መርማሪ፣ ሳያስር መመርመር ለምን እንዳልቻለ ያስረዳ። የምርመራው ውጤት በሚታተምበትም ጊዜ እነዚህ ቍጥሮች ከሌሎቹ ጋር ይታተሙ። ለዚህ የሚያስፈልገው ሚዛንና ሰዓት በየቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ላይ አስቀድሞ ተቀምጧል።